በኔ ድምፅ

ልጄ ማርታ ዓይነ ስውር ናት። እዚህ ሚዛን ተፈሪ የአማርኛ አስተማሪ ለመሆን ትማራለች። በኮምፒውተር የተጻፈ ነገር ከሆነ ስልኳ ጮክ ብሎ ያነብላታል። መምህሯ ግን ማስታወሻውን ከወረቀት ላይ ፎቶ እያነሱ ስለሚልኩት፣ ስልኩ «ፎቶ» ብሎ ዝም ይላል።

ፈተናው ሲቃረብ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩት እኔ እያነበብኩ በስልኳ ቀዳሁላት። ግማሹ ላይ ስደርስ ድምፄ ተዘጋ። እግዜር ያውቃል ብዬ በባጃጅ መምህሯ ዘንድ ሄድኩ።

«መምህር፣ የቀረውን እንኳ በኮምፒውተር ቢያስጽፉላት? ካልሰማችው መውደቋ ነው» አልኳቸው በተዘጋው ድምፄ።

«አይጨነቁ እናቴ፣ መፍትሔ አለ! ተማሪዎቹ የሚቀባበሉት ንባብ እኔም ጋ ደርሷል» ብለው ስልካቸውን ከፈቱ።

«በስመ አብ ወወልድ…» አለ ስልኩ። ማስታወሻው ቀጠለ። መሃል ላይ «እሽ! አንቺ ዶሮ፣ ከቡናው ላይ ውረጂ!» አለ።

ለካ ማርታ ለጓደኞቿ ልካው ኖሯል! ፊቴ ጋለ። «እሱ እኮ…» ብዬ ልናገር ብል ድምፄ አልወጣ አለኝ።

መምህሩ ስቀው ስቀው ሲያበቁ፣ «ምን ያደርጋል፣ እኚህ ሴትዮ ግማሹ ላይ አቁመዋል» አሉኝ። «እባክዎ እናቴ፣ አፈላልገው ያግኙዋቸውና ቀሪውን እንዲያነቡት ይለምኑልን።»