የከዋክብቱን ፎቶ ሰባት ጊዜ የዘጋብኝ ፕሮግራም

ፕሮግራሙ ዛሬ ለሰባተኛ ጊዜ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ ተዘጋብኝ።

ሥራው ካሜራው ራሱ የሚፈጥረውን ነጠብጣብ ከከዋክብት ፎቶ ላይ ማጽዳት ነው። ፎቶው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማተሚያ ቤት ካልደረሰ፣ ነገ ተማሪዎቼ አራት ኪሎ ከሚያዘጋጁት ዐውደ ርእይ ይቀራል።

ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ፎቶውንም ከፍቼ መረመርኩ። ፋይሉ አልተበላሸም።

ላፕቶፔን ታቅፌ ፒያሳ ወዳለው ወደ ወርቅ ሠሪው ጓደኛዬ ወደ ኑሩ ሱቅ ገባሁ። ንዴቴን ላወራው እንጂ ችግሩን ይፈታልኛል ብዬ አልነበረም።

ሰምቶኝ ሲያበቃ «ፎልደሩን ምን ብለህ ሰየምከው?» አለኝ።

«ኅዳር ፲፪፣ እንጦጦ። ሁሉንም በአማርኛ ነው የምሰይመው።»

«እሱ ነዋ፣ ምሁሩ። ቀለበት ላይ የሚቀርጸው ማሽኔም የፋይሉ ስም አማርኛ ከሆነ ድርቅ ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈውና ሞክር።»

ጻፍኩት። በአራት ደቂቃ አለቀ። ፎቶው ማተሚያ ቤት ደርሷል።

ንዴቴ ግን አልበረደም። ማንበብ ያልቻለ ፕሮግራም «አላነበብኩትም» ማለት እንዴት ያቅተዋል? የእኔ ተማሪ ቢሆን ከክፍል አስወጣው ነበር።

የአሥር ዓመት ፎቶዎቼ ሁሉ የተሰየሙት በአማርኛ ነው። ስማቸውን ልቀይር ብቀመጥ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ የቀየራችሁት ስሙን ነው ወይስ ፕሮግራሙን?