ስም የማያውቅ ካርቶን

ነቀምት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ከደመወዜ የተረፈችኝን የማስቀምጠው አንድ የጉራጌ ባለሱቅ ዘንድ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ገንዘቡን ሲቀበል በሻማ ካርቶን ቁራጭ ላይ ልኩን ብቻ ይጽፍና ካርቶኑን ለሁለት ይቀደዋል። አንዱ ግማሽ ከገንዘቡ ጋር ታስሮ ሣጥን ይገባል፤ ሌላው ለአስቀማጩ ይሰጣል። ግማሹን ይዞ የመጣ፣ ቅዳዱም የገጠመለት ሰው፣ ማንም ይሁን ማን ይከፈለዋል። እናቴ ከዲጋ ለገበያ ስትመጣ የእኔን የምትወስደው እንዲሁ ነበር።

“ጋሼ፣ ስምና ቀን ቢጻፍበት እኮ ሥርዓት ይኖረዋል” እያልኩ ስንቴ አስረድቼዋለሁ።

“በርሲሳ” ይለኛል፣ ተማሪዎቼ በኦሮምኛ መምህር ሲሉኝ ሰምቶ፤ “ካርቶን ስም ካወቀ ማውራት ይጀምራል።”

በግብር ወቅት ቀበሌው የሱቆችን ሽያጭ የሚገምት ኮሚቴ አቋቋመ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ እኔ ጸሐፊ ተደረግሁ። የእሱ ሱቅ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ሣጥኑን አስከፈተ።

“ይህ ሁሉ ሽያጭ ነው?”

“የሰው አደራ ነው።”

“የማን የማን?”

ባለሱቁ ካርቶኖቹን አገላብጦ አሳየ፤ አንዱም ስም የለበትም። ሁሉም እንደ ሽያጭ ቢቆጠር ግብሩ ሱቁን ያስዘጋዋል። ብዕሬን አስቀምጬ ከኪሴ የእኔን ግማሽ አወጣሁና ከሣጥኑ ግማሽ ጋር አጋጠምኩት። ልማዴ አይለቀኝምና አሠራሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብራራሁ።

“ጓድ መምህር፣ ጥቁር ሰሌዳ ላስመጣልህ?” አለ ሊቀመንበሩ። ቢሆንም ተቀበለኝ፤ እስከ ቅዳሜ ባለቤቱ መጥቶ በኮሚቴው ፊት ያጋጠመው አደራ ነው፣ የቀረው ሽያጭ ነው ተባለ።

ወሬው ጉቴ ድረስ ሄደ፤ ሰዉም ግማሽ ካርቶኑን ይዞ ጎረፈ። ከሣጥኑ ግማሾች ሦስት ብቻ ባለቤት አጡ። ባለሱቁ የሦስቱን ግብር ያለ አንድ ቃል ከፈለ።

“እንዴት ሳትከራከር?” አልኩት።

“ሁለቱ የራሴ የስኳር ሽያጭ ናቸዋ። አደራ መሀል ደብቄ ነበር፤ አንተ አስያዝከኝ።”

“እኔ እኮ አምኜህ ነው የመሰከርኩት!” አኮረፍኩ። ቆይቼ ግን “ሦስተኛውስ?” አልኩ።

“እሱን ካርቶኑን ጠይቀው።”

ከሳምንታት በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የሊቀመንበሩ ሚስት ገባች። ሳሙና ገዛችና የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ግማሽ ካርቶን ባንኮኒው ላይ አኖረች። በዚያ ቅዳሜ ባሏ ፊት ልታወጣው አትችልም ነበር። ግብሯን የከፈለላት ባለሱቁ ነው፤ አሁንም አንዲት ሳንቲም ሳይቀንስ ሰጣት።

ስታየኝ ደነገጠች። “በርሲሳው እዚህ ምን ያደርጋል?”

“ክብሪት እየቆጠረልኝ ነው” አላት።

ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ክብሪቶቹን አንድ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ።