የሦስተኛው ቤት የእንጨት ዳንቴል

አየነው ደሴ ከተማ ሳለ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ሆኖ በመቆሙ ሦስት ወር ታሰረ፤ ሲፈታ አገር ለቆ ወጣ። ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ገብቶ ስድስት ዓመት የሆቴል ሰሐን አጠበ። በመጨረሻ አንድ የአናጺዎች ድርጅት ቀጠረው፤ ያውም ጣውላ ተሸካሚ አድርጎ።

ድርጅቱ ከከተማው ዳር ከቶኔ ወዲያ፣ የፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ባለች መንደር ሥራ ያዘ። እዚያ አንድ የጥንት ባለርስት ለግቢው ሠራተኞች ያሠራቸው አራት ትናንሽ ቤቶች አሉ፤ ጣሪያቸው ሾጣጣ፣ ጭስ ማውጫቸው በቀይና በነጭ ጡብ የተሰባጠረ፣ ከክፈፋቸው ሥር እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ የተንጠለጠለባቸው። የወይን ጠባቂው ቤት ዳንቴል የወይን ዘለላ ነው፤ የሠረገላ ነጂው የፈረስ ኮቴ፤ የአትክልተኛው ጽጌረዳ። የሦስተኛው ቤት ግን ከረገፈ ሰባ ዓመት አልፎታል። ማን እንደኖረበትም የሚያውቅ የለም።

«የጎረቤቱን ጽጌረዳ ገልብጠን እንስቀልበት» አሉ የድርጅቱ አለቃ ሙሴ ዱኩሬ።

ነገሩ ለአየነው አልዋጥለት አለ። «ያሠራው ሰው የእያንዳንዱን ሙያ አክብሮ ነው ያስጠረበው። ይህኛውን የሰው ጌጥ አናልብሰው።»

«ታዲያ ከየት ታመጣዋለህ?»

«ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

በማግስቱ በጠዋት መሰላል ላይ ወጣ። ከዳንቴሉ ጀርባ ከነበረው ሰፊ ሳንቃ ላይ፣ ዳንቴሉ ከረገፈ በኋላ የተቀባውን ቀለም ቀስ አድርጎ ፋቀ። ዳንቴሉ ሸፍኖት የነበረውን እንጨት ዝናብና ፀሐይ አልነካውም፤ ያልተሸፈነው ግን ተበልቶ ጎድጉዷል። ወረቀት ለጥፎ በከሰል ቢያሸው፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳዎች ተደርድረው፣ በመሃላቸው ክንፏን የዘረጋች ነገር ብቅ አለች።

«ንብ!» አለና ብቻውን ሳቀ።

ሙሴ ዱኩሬ ወረቀቱን ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር።

«ንብ አናቢ ነው የኖረበት። ከመቶ ዓመት በላይ ተጽፎ ተቀምጦ ያየው ሰው የለም። ዳንቴሉን አንተ ትሠራዋለህ። ለጣውላው ሌላ ተሸካሚ እፈልጋለሁ።»

ሥራው ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። አለቃው በማሽን ይቆረጥ ሲሉት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳዎቹን ለማሽኑ ተወለት፤ ስድሳ አራቱን ንቦች ግን አንድ በአንድ በእጁ ጠረባቸው።

ቤቶቹ በተመረቁ ቀን ሚስቱን ትርፍነሽንና ልጁን ሩሐማን ይዞ ሄደ። መንደርተኛው ሁሉ ወጥቷል። ትርፍነሽ አንገቷን ቀና አድርጋ ክፈፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘችው።

«አንዷ ካንዷ አትመሳሰልም እኮ!»

«ንብ ተመሳስላ ታውቃለች እንዴ?» አላት፤ ደረቱ ነፋ ብሎ።

ይህን ጊዜ ሩሐማ ከሕዝቡ መሃል እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ መምህሬ እዚህ ናት። ‹ሴ ሞን ፓፓ፣ አባቴ ነው የሠራው› አልኳት፤ አላመነችኝም። ና ንገራት!»

አየነው ኮቱን አስተካክሎ ልጁን ተከተለ። መምህርቷ ፊት ቆመና በፈረንሳይኛ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አላት።