ጋሽ ራህመቶና የሌለው ዓሣ

ጋሽ ራህመቶ በየማለዳው ከሐይቁ መጥተው መጥበሻ ቤቴ በር ላይ ይቆማሉ። "እንዴት አደሩ፣ ዓሣ አለ?" እላቸዋለሁ። "የለም" ይሉኛል። ይህን ሲሉ በእጃቸው ያንጠለጠሉት ፌስታል ይንፈራገጣል። ያቀብሉኛል፤ ስከፍተው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሞልቶታል፤ አንዳንዴም አንድ አምባዛ ጢሙን አውጥቶ ያየኛል። ስለ ፌስታሉ ግን ሁለታችንም ትንፍሽ አንልም።

እኛ ዝዋይ ዳር ነገሩ እንዲህ ነው። "አለ" ያለ አጥማጅ ዓሣውን ለዓይን ይሰጣል፤ ሐይቁም ይሰማና ያለውን ይሰበስባል ይባላል። ስለዚህ መረብ የሚጥለውም፣ መንጠቆ የሚወረውረውም፣ ጀልባው ከጭነት ብዛት ሊሰምጥ የደረሰውም "የለም" ይላል። እኔ ከአርሲ መጥቼ ዓሣ መጥበስ የጀመርኩ ሰሞን፣ የዚህ አገር ሰው በረሃብ ሊያልቅ ነው ብዬ አልቅሻለሁ። ቆይቶ ገባኝ።

በዚህ ነገር ጋሽ ራህመቶን የሚያህል ግን አልነበረም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያጠምዱት ከሸምበቆው ጀርባ ካለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ድንጋይዋ የት እንዳለች ሚስታቸው እንኳ አያውቁም። ምሳቸውን ሸምበቆው ዳር አስቀምጠው ይጣራሉ፤ መልስ የሚሰጥ የለም፤ ተመልሰው ሲመጡ ሳህኑ ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች መጡ። አለቃቸው አቶ ሰንበታ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። በጾሙ ከአዳማም ከቢሾፍቱም ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ፣ የእኛ ዳርቻ ይችለው እንደሆነ ሊያውቁ ነው። አጥማጆቹን በየተራ ጠየቋቸው። ሁሉም "የለም" አሉ። ጋሽ ራህመቶም ፌስታላቸው እየዘለለ፣ ድሮ እንደነበረና አሁን ግን ማለቁን አስረዱ። አቶ ሰንበታ ከልቡ አዘነ። ሐዘኑን ይዞ እኔ ቤት ገባና የዓሣ ጉላሽ አዘዘ። ሁለተኛውን ሳህን ሲያጋምስ፣ እንዲህ የሚጣፍጥ ዘር መጥፋቱ አንጀት ይበላል አለኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን እኔም የዚህ ዳር ሰው ሆኛለሁ፤ "ያሳዝናል" ብዬው ሎሚ ጨመርኩለት።

ብዙም ሳይቆይ ሰሌዳ ተተከለ፦ "ዓሣ ስለሌለ ማጥመድ ክልክል ነው።" የሌለው ዓሣ እንዳይሰረቅም ደገፋ የሚባል ጥበቃ ተቀጠረ።

ደገፋ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። ዓሣው የሚነካው ሲያጣ ጊዜ እስከ ዳር እየመጣ ይንቦጫረቅ ጀመር፤ ይህ ከሰሌዳው ጋር ስላልተስማማለት ደገፋ በዱላ ወደ ውስጥ ይመልሰው ነበር። እኔ በዚያ መጥበሻ ድንች ስጠብስ ሰነበትኩ። ድንቹ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ደንበኛው ያሸትና ተክዞ ይወጣል።

የተጎዱት ጋሽ ራህመቶ ናቸው። ሌላ ሥራ አያውቁም፤ ሌላ ደስታም አያውቁም። መንጠቆውን ከክሩ ፈትተው ባዶውን ክር ሰሌዳው ሥር ተቀምጠው ውሃ ውስጥ ይጥላሉ። ደገፋ ቢመረምርም ባዶ ክር የሚከለክል ሕግ አጣ። በየማለዳው "አካም ቡልተኒ ጋሼ፣ አለ?" ይላቸዋል። "የለም" ይሉታል። መጀመሪያ ሳቅንባቸው። ኋላ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሲሰፋ አየንና መሳቁን ተውን።

ዳርቻው እንዲከፈት አቤት ስንል ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሰንበታ ዓሣ ለመኖሩ ማስረጃ አምጡ አለ። አንድ አጥማጅ፣ ታዲያ ዓሣውን ራሱን ላምጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዓሣ ካመጣህማ ክልከላውን ጥሰህ አጥምደሃልና ትከሰሳለህ ተባለ። ዓሣ ያላመጣ ደግሞ ማስረጃ የለውም። አዳራሹ ይህን እያሰበ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አቶ ሰንበታ መላ አገኘ፦ ሐይቁን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ በአፉ "አለ" ካለ ይበቃል። ሰዉ ሁሉ ወደ ጋሽ ራህመቶ ዞረ።

ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የለም" አሉ።

ሰዉ አጉረመረመ። ከልማድ መሆኑን ተናግረው ይቅርታ ጠየቁና እንደገና ሞከሩ፤ ከንፈራቸው ተከፈተ፣ ምንም ሳይወጣው ተመልሶ ገጠመ። እኔ ተናደድኩ፤ በእሳቸውም፣ ያን ቀን ሎሚ በጨመርኩት በራሴም። ብድግ ብዬ "ጋሼ፣ ይበሉት እንጂ። ካላሉት እኮ ባዶ ክር እንደያዙ መቅረትዎ ነው" አልኳቸው።

"ሑስና፣ በእኔ አፍ ካለቀስ?" አሉኝ። እንባ አቅርረው ነበር።

ከዚያ "አለ" አሉ። "ሞልቷል።" አንዴ የተከፈተ አፋቸው አልዘጋ አለ። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምትደበቅበትን፣ አምባዛ ጭቃ ለብሶ የሚተኛበትን፣ ነፋሱ ሲዞር ዓሣው ወዴት እንደሚሸሽ፣ ትሉ ከየትኛው እርጥብ መሬት እንደሚቆፈር፣ ሸምበቆው በየት በኩል እንደሚታለፍ፣ ጠፍጣፋዋንም ድንጋይ ሳይቀር፣ ዕድሜ ልክ የደበቁትን ሁሉ ዘረገፉት። ስልኩን አውጥቶ የሚቀዳም ነበር። ሲቀመጡ ላብ በላብ ሆነዋል። አቶ ሰንበታ አጨበጨበ።

ሰሌዳው ተነቀለ። ጋሽ ራህመቶ መንጠቋቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ ሙሽራ መስለው ወደ ድንጋያቸው ሄዱ። ከዚያ የሆነውን የነገረኝ ደገፋ ነው። ሸምበቆው ተረጋግጦ መንገድ ወጥቶለት ባጃጅ ቆሞበታል። ድንጋይዋ ላይ በስልክ የተቀዳውን የሰሙ፣ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ወጣቶች፣ የዕረፍት ቀናቸው ነውና፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ያጠምዳሉ። ጋሽ ራህመቶ የሚቀመጡበት ቢያጡ ቆመው "ልጆች፣ ዓሣ አለ?" አሏቸው። አንደኛው የሚዘለውን ፌስታል በእግሩ ረገጥ አድርጎ "የለም ጋሼ" አላቸው።

ወደ እኔ መጡ። እጃቸውን ባዶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። "አለ?" አልኳቸው፤ አፌ ለምዶ ነው። "የለም" አሉ። ዛሬስ እውነታቸውን ነበር፤ አንጀቴን በሉት። አስቀመጥኳቸውና ወጣቶቹ ማለዳ ከሸጡልኝ አንድ ቆሮሶ ጠብሼ አቀረብኩላቸው። ከየት እንደመጣ አልነገርኳቸውም።

አንድ ጊዜ ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ።

"ከድንጋዬ ነው" አሉ።

ሎሚ አቀበልኳቸው። አጥንቱ ብቻ እስኪቀር በሉና ቀና ብለው "ሌላ አለ?" ብለው ጠየቁኝ። መጥበሻው ሙሉ ነበር። "የለም" አልኳቸውና ጨመርኩላቸው።