አዝራር ብቻ ነው የቀረው

ሰበታ፣ ጋሽ ወርቁ ልብስ ስፌት ቤት የገባሁ ዕለት መጀመሪያ የተማርኩት መርፌ መያዝ አይደለም፤ መዋሸት ነው። ጋሽ ወርቁ የከሰሉን ካውያ አስያዙኝና፣ «ደንበኛ ሲመጣ ሥራ የበዛብህ ምሰል። ልብሴ ደረሰ ወይ ካለህ፣ አዝራር ብቻ ነው የቀረው በለው» አሉኝ።

«ጨርቁ ገና ካልተቆረጠስ?»

«አዝራሩ ተተክሏል?»

«አልተተከለም።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ውሸቱ!» ብለው አፌን አስያዙኝ።

መጀመሪያ ልብስ ተኳሽ ሆንኩ፤ ከዚያ ጫፍ ዘምዛሚ፤ ቆይቶ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። መቀሱን ግን ከጋሽ ወርቁ በቀር ማንም አይነካም። ጨርቅ የሚቆርጡት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ሥራው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሄዶ ይቆማል። እሳቸው ደግሞ ወሬ ይወዳሉ።

ደንበኞቹም ቢሆኑ ቅዱሳን አልነበሩም። «ትንሽ ሥራ ናት» የሚል ሰው ሲመጣ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ትንሽ ሥራ ናት ብሎ የሚዘረጋልህ የአባቱን ኮት ነው፤ ገልብጠህ እንደ አዲስ ስፋልኝ ለማለት። ትንሽ ከሆነች አንተው አትሰፋትም ነበር?

እንደ ኦቦ ነገዎ ይቺን የአዝራር ቃል የሚጠላ ሰው ግን አላየሁም። መናገሻ በኩል የሚያርሱ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ለጥምቀት የሚለብሱት ኮት እንድንሰፋላቸው ጥሩ ሱፍ አምጥተው ነበር። በገበያ ቀን ብቅ ይላሉ።

«አካም ቡልተኒ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ይላሉ።

«ፈያ፣ ኦቦ ነገዎ! ኮትዎ ደርሷል፤ አዝራር ብቻ ነው የቀረው!» ይላሉ ጋሽ ወርቁ። ሱፉ መደርደሪያው ላይ እንደታጠፈ ነው።

ጥምቀት አለፈ። ፋሲካም አለፈ። አንድ ቀን የኦቦ ነገዎ የአንገት ሥር ተገተረ። «አልሰፋሁም በለኝ! ጠፋብኝ በለኝ! አይጥ በላው በለኝ! ይቺን ቃል ግን ሁለተኛ እንዳትጠራብኝ!» ብለው በሩን ወርውረውት ሄዱ።

ቤታቸው ውስጥ አዝራር የሚባል ቃል መጥራት ክልክል እንደሆነ የነገረችኝ ልጃቸው ብዙነሽ ናት። ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ስትመጣ በእኛ በር በኩል ታልፍ ነበር፤ ኋላ ኋላ ማለፉን ትታ መቆም ጀመረች። እኔ ወደድኳት፤ እሷም ወደደችኝ።

«አባቴ ከዚህ ሱቅ ለወጣ ሰው ድመትም አይሰጥም» አለችኝ። «የሱሉልታ ባለ ከብት ሽማግሌ ሊልክብኝ ነው። ቀድመህ ላክ፤ አለዚያ ቀረሁብህ።»

ሰበታ ውስጥ ዘመድ የለኝም፤ አገሬ መንዝ ነው። የሚላክልኝ ሽማግሌ ማን አለኝ? የነፍስ አባቴ አባ ገብሬና፣ ጉድ በል፣ ጋሽ ወርቁ።

«ጋሽዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እዚያ ቤት የስፌት ነገር አያንሱ» ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«እኔ? ንጉሥ ይሙት አላነሳም!»

የሆነውን የነገሩኝ አባ ገብሬ ናቸው። እንደ ወጉ ቆመው አንቀመጥም አሉ፤ የመጡበትን ተናገሩ። ኦቦ ነገዎም፣ «ለመሆኑ ልጁ ጎጆ አለው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወርቁ አፋቸው ለምዶባቸው፣ «አለው እንጂ! ቤቱ አልቋል፤ አዝራር ብቻ ነው የቀረው!» አሉ።

አባ ገብሬ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ኦቦ ነገዎ ግን ረጋ ብለው፣ «መልካም። የእኛም መልስ ደርሷል፤ አዝራር ብቻ ነው የቀረው። በሚመጣው ገበያ ተመለሱ» አሉ።

ተመለሱ። መልሱ ያው ነው። እንደገና ሄዱ። አሁንም አዝራር።

ጋሽ ወርቁ በግነው ሱቅ ገቡ። «ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው! ወይ እምቢ አይል፣ ወይ እሺ አይል! ሰው በአንድ ቃል እንዲህ ይመላለሳል? አንጀቴን አሳረረው እኮ!»

እኔ ብዙነሽ ከእጄ ልትወጣ ነው፤ ሆኖም ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ወርቁ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ መደርደሪያው ሄደ። ሱፉን አውርደው ዘረጉ፣ ጠመኔ አነሱ፣ ቆረጡ። እኔ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። አዝራሮቹን በድርብ ክር የተከልኩት ራሴ ነኝ፤ እንደዚያ አጥብቄ የተከልኩት አዝራር የለም።

ሽማግሌዎቹ ኮቱን ይዘው ሄዱ። ኦቦ ነገዎ ለበሱት፤ አዝራሮቹን እያንዳንዳቸውን ይዘው ጎተቱ። አንድም አልነቀል አላቸው።

«ኤዬ፣ እሺ» አሉ። «አሁን ቁጭ በሉ። ልጅቷን ሰጥቻለሁ።»

የሠርጌን ኮት ጋሽ ወርቁ በስጦታ ሊሰፉልኝ ቃል ገቡ። በሠርጉ ጠዋት ሚዜዎቼ ከብበውኝ ሳለ ኮቱን በክንዳቸው ጥለው መጡ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም።

«ልጄ...»

«አይናገሩት!»

የኮቱን ደረት በስፒል አያይዘው ላኩኝ። ኦቦ ነገዎ በራቸው ላይ ቆመው ስፒሎቹን አዩና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። በዚያን ቀን ጋሽ ወርቁን አልተቀየምኩም። በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነታቸውን ነበር።

ኋላ የራሴን ሱቅ ቡራዩ ከፈትኩ። ለወጣት ሰፊዎች የምለው ይህን ነው፤ ያልቆረጣችሁትን ጨርቅ አልቆረጥኩም በሉ። ደንበኛው ይሰድባችኋል። እኔም ብዙ ተሰድቤአለሁ። ቃሌን ተጠራጥሮ አዝራሬን እየጎተተ የተቀበለኝ ደንበኛ ግን ከአማቴ በኋላ አልገጠመኝም።