የታምራት ተራ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጆቼ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ጌም ሲጫወቱ እኔ ከኋላቸው ሶፋው ላይ ሹራብ እሠራ ነበር። በስደት ከምንኖርበት ከክሬሰንት ታውን ፎቃችን ቁልቁል ሲያዩት ውጪው በረዶ ብቻ ነው፤ ቤቱ ግን ሞቋል፤ ትንሿ ሊያ ምላሷን አውጥታ፣ ትከሻዋን ወዲያ ወዲህ እያዘነበለች፣ የያዘችውን የጌሙን መጫወቻ ቁልፎች ጣቷ እስኪቀላ ትጫናለች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቴሌቪዥኑ ላይ የምትሮጠው ግን የወንድሟ የናሆም መኪና ብቻ ናት። ጠጋ ብዬ ሳይ የልጅቷ መጫወቻ ባትሪ የለውም።

"ናሆም! ምንድን ነው ይሄ?"

"እማማ፣ ሺ ዳዝንት ኖው" አለኝ በሹክሹክታ። "ሃፒ ናት እኮ!"

ሹራቤን አስቀመጥኩ። ያንን ቀጭ የሚል ድምፅ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ አገር ቤት፣ አባቴ ወንዝ ዳር ያለ የብርቱካን እርሻ ጠባቂ ነበር። ጦጣ እንዲያባርርባት፣ ሣር ውስጥ የሚያደባ እባብም እንዲገድልባት ባለእርሻው የሰጠው ትንሽ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረችው፤ ጥይቷ ከባቄላ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ስትተኮስ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ የሚመስል። እሁድ ከሰዓት አጥሩ ላይ የቲማቲም ጣሳ ይደረድርና ለወንድሞቼ ኢላማ ያስተምራቸዋል። ስድስቱንም ቀዳዳ ግን አይሞላም፤ ከወገቡ ብትወድቅ እንዳትባርቅ መምቻዋ የሚያርፍባትን አንዷን ባዶ ይተዋታል። ከአምስቱ ጥይት ሁለቱ የሱ፣ ሦስቱ የሦስቱ ወንድሞቼ ናቸው። የወደቀውን ጣሳ እየሮጥኩ የማነሳው ደግሞ እኔ።

"የኔስ?" ስለው "ባዶዋ ያንቺ ናት" ይለኛል። ባዶ ሲተኮስ የመምቻዋ መርፌ ይጎዳል ብሎ ሌላው የተኮሰውን ባዶ ቀለህ ይጨምርባትና መጨረሻ ላይ ይሰጠኛል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቃታውን እስባለሁ። ቀጭ። ወንድሞቼ "መታችው! መታችው!" እያሉ መሬት ላይ ይንከባለላሉ፤ ጣሳው ቆሞ ያየኛል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ እሁድ በመጣ ቁጥር ማልቀስ ጀመርኩ፤ አባቴም ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን እውነት ስላልገባው "ይዛታለች አይደል፣ ምን ጎደለባት?" ይል ነበር።

አንድ እሁድ ታላቅ ወንድሜ ታምራት ተራው ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። "የኔን እሷ ትተኩስ" አለ። "አለዚያ እኔም አልነካትም።" በኛ ቤት አባት ፊት እንዲህ አይባልም። አባቴ ታምራትን ገላምጦ ሽጉጧን ሰጠኝ። ታምራት ከኋላዬ ቆሞ ክርኔን ደገፈልኝ፤ ባሩዱ፣ የሽጉጧ ዘይትና የብርቱካኑ አበባ ተደባልቀው ሸተቱኝ፤ ተኮስኩ። ጣሳውን ስቼ ከጀርባው የተንጠለጠለ ብርቱካን አፈረጥኩ፤ ታምራት ሆዱን ይዞ እስኪቀመጥ ሳቀ። አባቴም ሳይወድ ፈገግ ብሎ "እሺ፣ ከሚመጣው እሁድ ጀምሮ ከኔ ሁለት አንዷ ያንቺ" አለኝ።

"የመጀመሪያዋ ግን የኔ ናት" አለ ታምራት። "ተራዬን ትመልሺልኛለሽ፣ ሰማሽ?"

ያ እሁድ አልመጣም። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ፤ አባቴ ሽጉጧን በፎጣ ጠቅልሎ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ታምራትን ለጦርነት ወሰዱት። ሬሳ አላየንም፣ መቃብር የለንም። ጣሳዎቹ አጥሩ ላይ እንደቆሙ ዛጉ፤ አባቴ አላወረዳቸውም፣ እኔም አላነሳኋቸውም። ዛሬ አባቴም፣ የቀሩት ወንድሞቼም አፈር ለብሰዋል፤ የእሁዱ ጥይት ተራ ከነበራቸው አንድም የለም፤ የባዶዋ ባለቤት ብቻዬን ቀርቻለሁ። ባል ቀብሬአለሁ፣ አገር ለውጫለሁ፤ ለሁሉም አልቅሼ ወጥቶልኛል። ያቺ አንዲት ተራ ግን ሳልመልሳት እስካሁን እጄ ላይ ናት።

ናሆም የሚሠራውን መጫወቻ ለእህቱ እንዲሰጣት አደረግኩ። ሊያ በነካችው ቅጽበት መኪናዋ ዘልላ ግንብ ስትመታ ልጅቷ በደስታ ጮኸች። እሱ አኮረፈ።

"ፋይን። ግን ተራዬን ትመልስልኛለች? ቱሞሮው?"

"ቱሞሮው የለም" አልኩት። "ዛሬ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እያየሁ፣ ዛሬውኑ ትመልስልሃለች።"