ከብት ቆሞ እንዲደርስ

መጀመሪያ ቀን፣ ሞያሌ ከብት ገበያ ውስጥ ሎሪው ላይ ልወጣ ስል፣ ሹፌሩ ጉዮ ሥራዬን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ።

«ከከብቶቹ በላይ፣ ብረቱ ላይ ትቀመጣለህ። ዓይንህ ከታች ነው። ከብት ከተኛ የጋቢናዬን ጣሪያ ትመታለህ፤ እኔ አቆማለሁ። ካዚህ ይኸው ነው፣ ባሲ!»

ሥራህ ይኸው ነው፣ በቃ ማለቱ ነበር። ቦረና ነው፤ አማርኛውን ከስዋሂሊ ጋር ደባልቆ ነው የሚናገረው።

«ብትተኛ ምን ትሆናለች?» አልኩት።

«ሌሎቹ ይረግጧታል። ናይሮቢ ቆማ የማትወርድ ላም ለማንም አትሆንም።»

ከአባቴ ጋር በስደት ወደ ኬንያ ተሻግረን ሄሉ በሚባለው የሞያሌ ሰፈር መኖር ከጀመርን ብዙም አልቆየንም ነበር። ሥራውን መርጬው አይደለም። የተገኘው እሱ ስለነበር ወጣሁ።

ዕቃዬ አጭር በትር፣ ገመድና ፎጣ ነበር። ሰኮና እንዳያንሸራትት ወለሉ ላይ አሸዋ እናነጥፋለን። ከብቶቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ራሱን ወደ ግራ ካደረገ ቀጣዩ ወደ ቀኝ። ጭነቱ ከሳሳ መኪናው ሲታጠፍ ይወድቃሉ። ከተጠቀጠቀ ደግሞ የወደቀው መነሻ ያጣል። ሙያው ያለው በሁለቱ መሀል ነው፤ ይህን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ያኔ መንገዱ አስፋልት አልገባበትም። ሶሎሎ የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን አንዲት ቀይ ላም በጉልበቷ ተንበረከከች። ጣሪያውን ደበደብኩ። ጉዮ አቆመ። ወርጄ በከብቶቹ እግሮች መሀል ገባሁ፤ ሌሎቹን በጀርባዬ እየገፋሁ ጭራዋን ከሥሩ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩ። ጉዮ ከውጭ በኩል በበትር እየነካካት «ሲማማ! ሲማማ!» ይላል፤ ቁሚ፣ ቁሚ እያላት። ተነሳች። ወደ ብረቱ ተመልሼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓመት ዓመትን ሲተካ ቀልቤ ከእነዚያ እግሮች ላይ ተነስቶ አያውቅም። ትንሽ ድምፅ ከሰማሁ ጣሪያውን እመታለሁ። ጉዮ ይማረራል።

«አንተ ጌቱ! ሚስትህን ምጥ ቢይዛት እንኳ እንዲህ አትሆንም።»

«እሷን አዋላጅ ታያታለች» እለዋለሁ። «እነዚህን ማን ያይልኛል?»

ባለቤቴ ዘነበች ግን አትስቅም። ወገቤን እያሸች «አንድ ቀን ከዚያ ብረት ላይ ወድቀህ ትቀራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሰው ወድቆ ያውቃል።

ስለዚህ የጭነቱ ባለቤት ሐጂ ኑሩ ሲጠሩኝ ቤታችን በዓል ሆነ። ሐጂ ድንበሩን ወዲያና ወዲህ እያሉ የሚነግዱ፣ ቃላቸው ገበያ ውስጥ የሚሰማ ሰው ነበሩ።

«ጌታቸው፣ አማርኛ አለህ፣ ኦሮምኛ አለህ፣ ስዋሂሊ አለህ። ብረት ላይ ምን ትሠራለህ? ውረድና ደላላዬ ሁን።»

ዘነበች ነጭ ሸሚዝ ገዛችልኝ።

በእኛ ገበያ ዋጋ በአፍ አይነገርም። ደላላው ከገዥው ጋር፣ እኔ ማለት ከሐጂ ጋር፣ እጅ ለእጅ ይያያዝና ፎጣ ይሸፍኑበታል፤ ከዚያ በጣት ነው የሚነጋገሩት። ጣት ሲጨበጥ ይህን ያህል፣ ጣት ሲታጠፍ ያን ያህል። ከብቱን ያመጣው አርብቶ አደር አጠገባችን ቆሞ ፊቴን ያያል። የእኔ ሥራ እጄ ከሐጂ ጋር እውነተኛውን ዋጋ ሲነጋገር፣ ለሻጩ ያነሰውን እየነገርኩ ፊቴን ማሳመር ነበር። በደንብ ቻልኩበት። ሐጂም አመሰገኑኝ።

ምግብ ግን እምቢ አለኝ። ገበያ ባለ ቀን ጠዋት አንድ ጉርሻ እንኳ አይወርድልኝም። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ምንም የለብህም አሉኝ። እነሱ ምንም የለብህም ሲሉ የባሰ ፈራሁ።

አንድ ቀን ዘነበች ያቀረበችውን ቁርስ ሳልነካ ስነሳ ያዘችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትነቃ መጀመሪያ የሚመጣብህ ሐሳብ ምንድን ነው?»

አሰብኩ። «ሐጂ ትናንት ፊታቸውን ያጠቆሩት በእኔ ይሆን? ሻጩ ያወቀብኝ ነገር ይኖር ይሆን? እሱ ነው።»

«ሎሪ ላይ ሳለህስ?»

«ላሟ ቆማለች ወይ? ነበር።»

ያኔም እጨነቅ ነበር፤ እንዲያውም ይብስ ነበር። ግን ያኔ የምጨነቀው ለላሟ ነበር፤ አሁን ለገዛ ፊቴ ነው። ይህንን አውቄም ወደ ገበያ ሄድኩ። የቤት ኪራዩም የልጆቹ ትምህርትም በዚያ ሸሚዝ ላይ ነበር የቆመው።

ዝናብ ሳይጥል የቀረበት ወቅት ነበር። ኡራን ከሚባለው አገር የመጡ አርብቶ አደሮች አጥንታቸው የወጣ ላሞች አመጡ። ገዛሁላቸው ለሐጂ። ከሰዓት በኋላ ሎሪው ሲጫን አየሁ፤ ጫኞቹ የከሱትን ላሞች ከሰንጋዎቹ መሀል ያጎሯቸዋል። አሸዋውም ስስ ነበር።

ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «ሐጂ፣ እነዚህ ናይሮቢ ቀርቶ ማርሳቢት እንኳ አይደርሱም። ይውረዱና እንደገና ይጫኑ።»

«መኪናው ዘግይቷል።»

«ይሞታሉ።»

«ጌታቸው፣ አንተ አሁን ባለሸሚዝ ነህ። መጫን የነሱ ነው፣ መሸጥ የኛ ነው። ልጄ፣ ተወኝ።»

ዘነበች ታሰበችኝ፣ ልጆቹ ታሰቡኝ። እግሬ ግን ሄደ። የሎሪውን መዝጊያ ከፍቼ «አውርዱ!» አልኩ። ጫኞቹ ሐጂን አዩ።

«ከብት ካወረድክ ነገ ከእኔ ጋር አትቆምም» አሉ ሐጂ፤ ሳይጮኹ።

«እሺ ሐጂ» አልኩ። ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ጉዮ ከጋቢናው ወረደና አካፋ አነሳ። አሸዋ ጨመርን። ሰንጋዎቹን ወደ ፊት፣ ላሞቹን ወደ ኋላ አደረግን፤ መሀላቸው ግንድ አጋደምን። ከዚያ ሸሚዜን እንደለበስኩ ብረቱ ላይ ወጣሁ። ስንነሳ ሐጂ አላዩኝም።

ሁሉንም አላደረስኩም። ኢሲዮሎ ከተማ ሳንደርስ አንዷ ተኛች። ብስባትም፣ ብገፋትም፣ ብለምናትም አልተነሳችም፤ እጄ ላይ ሞተች። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሌሎቹ ናይሮቢ በእግራቸው ወረዱ። ጉዮ ሩዝና ባቄላ አዘዘልኝ፤ ሳህኑን ጨረስኩት።

ዘነበች ስነግራት ተቆጣች። «ልጆቹን ምን ልታበላቸው ነው?» ብላ ለቀናት አኮረፈችኝ። እውነቷን ነበር። ያ ዓመት ከበደን፤ እሷም ገበያ ወጥታ ወተት ቸረቸረች። ሐጂ ተመልሰው የጠሩኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ለድለላ ሳይሆን ለአስጫኝነት። ይቅርታም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልጠየቅኋቸው። እስከ ዛሬ አስጫኝ ነኝ። ሎሪው በተነሳ ቁጥር እዚያው ገበያ ቀርቼ እጨነቃለሁ፤ ሹፌሩ ደርሰናል ብሎ እስኪደውል ስልኬ ከእጄ አይወርድም።

ወጣቶች ምን ሥራ እንያዝ እያሉ ይጠይቁኛል። ጭንቀት የሌለበት ሥራ አላውቅም። ጠዋት ስትነቁ ስለ ማን እንደምትጨነቁ እዩ። ስለ ራሳችሁ ብቻ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልጉ።